የእንግሊዝኛ ተውላጠ ስሞችንና አፖስትሮፍን ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ማስተማር፦ ለመምህራንና ለወላጆች ዝርዝር መመሪያ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ ከወሰነ ወዲህ፣ የአንደኛ ደረጃ መምህር በሚያርማቸው ደብተሮች ላይ ሁለት ዓይነት ስሕተት እየተመላለሰ ይታያል። አንደኛው ተውላጠ ስምን መዝለል ወይም ማቀያየር ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ አፖስትሮፍ የምትባለውን ትንሽ ጭረት ወይ ጨርሶ መርሳት፣ ወይ «ኤስ» ፊደል በታየበት ሁሉ መነስነስ ነው። እነዚህ ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ በተለያዩ ምዕራፎች ተነጣጥለው ይሰጣሉ። ይሁን እንጂ አንዱ ሌላውን የሚያስተካክልበት አንድ ሕግ አለ፤ የዚህ መመሪያ አካሄድም በዚያው ሕግ ላይ የቆመ ነው፦ ባለንብረትን የሚያሳይ አፖስትሮፍ ለስም የተሰጠ ምልክት እንጂ «ሂዝ»፣ «ኸርስ» እና «ኢትስ» ለመሳሰሉት ተውላጠ ስሞች የተሰጠ አይደለም። ስለዚህ ልጆች ተውላጠ ስሞችን በቃልም በጽሑፍም ሳይጨርሱ አፖስትሮፍን ማስተዋወቅ ሁለቱንም ማበላሸት ነው።

የእንግሊዝኛ ቃላት በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በፊደላችን እንደ ድምፃቸው ተጽፈዋል፤ ሰሌዳ ላይ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በላቲን ፊደል ይጻፏቸው። በተጨማሪም በአማርኛ ሰዋስው «ባለቤት» የሚባለው የዓረፍተ ነገሩ አድራጊ ስለሆነ፣ የዕቃውን ጌታ «ባለንብረት» ብሎ መጥራት ይሻላል፤ ልጆች በሁለቱ ቃላት መካከል እንዳይደናገሩ ይረዳል።

ልጁ ከቤቱ ይዞት የሚመጣው

አማርኛ ተውላጠ ስሙን ግሱ ውስጥ ይሸከማል። «መጣች» ስንል የመጣችው አንዲት ሴት መሆኗ ከግሱ ይታወቃል፤ «እሷ» የምንለው ለማጉላት ወይም ከሌላ ሰው ለመለየት ስንፈልግ ብቻ ነው። ስለዚህ ልጁ «ኬም ቱ ስኩል» ብሎ አድራጊውን ሳይጠቅስ ዓረፍተ ነገር ቢጀምር በስንፍና አይደለም፤ የራሱን ቋንቋ ሕግ ተከትሎ ነው። ይህን በብዙ ማብራሪያ ከማድከም ይልቅ ሰሌዳው ላይ «መጣሁ፣ መጣህ፣ መጣሽ፣ መጣ፣ መጣች፣ መጣን፣ መጣችሁ፣ መጡ» ብለው በአንድ ዓምድ ይጻፉ፤ በትይዩው ዓምድ «ኬም» የሚለውን ቃል ስምንት ጊዜ ይደርድሩ። ከዚያ ዝም ብለው «በዚህኛው በኩል ማን እንደመጣ የሚያውቅ አለ?» ብለው ይጠይቁ። የጎደለውን ልጆቹ ራሳቸው ይነግሩዎታል።

ሁለተኛው ፆታ ነው። በአማርኛ ፀሐይ ትወጣለች፣ ጨረቃ ትደምቃለች፣ መኪናዋ ትበላሻለች፤ ትንሽ ወይም የተወደደ ነገር ሁሉ በሴት አንቀጽ ሊጠራ ይችላል። ደብተሩ ግን ጠፋ፣ ወንበሩ ተሰበረ ይባላል። ልጁ ይህንን ይዞ ሲመጣ ፀሐይን «ሺ»፣ ደብተርን «ሂ» ማለቱ የሚጠበቅ ነው። እንግሊዝኛ ግን ሕይወት የሌለውን ነገር በሙሉ «ኢት» ብሎ ይጠራል፤ እንስሳንም እንዲሁ፣ ስም አውጥተን እንደ ቤተሰብ የምናየው ካልሆነ በስተቀር።

ከሁሉ ይበልጥ መምህራን የማያስተውሉት ሦስተኛው ነው፤ እሱም አክብሮት ነው። ልጁ «አያቴ መጡ» ይላል፤ «መጡ» ደግሞ ለብዙዎችም የሚያገለግል ግስ ነው። ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር አያቱን «ዜይ» ብሎ ይጽፋል። አራሚው የቁጥር ስሕተት ነው ብሎ በቀይ ይሰርዘዋል፤ ልጁ ግን መቁጠር አቅቶት ሳይሆን አያቱን በ«ሂ» መጥራት አንቱ የሚባሉትን ሰው አንተ እንደማለት ሆኖበት ነው። ይህ በግልጽ ሊነገረው ይገባል። እንግሊዝኛ አክብሮትን በተውላጠ ስም አይገልጽም፤ በማዕረግ፣ በአነጋገር ለዛና በትሕትና ቃላት ይገልጻል፤ «ሂ» የሚለው ቃል «እሱ»ንም «እሳቸው»ንም፣ «ዩ» የሚለውም አንተን፣ አንቺን፣ እርስዎንና እናንተን በአንድነት የያዘ ነው። ይህን የሰማ ልጅ መምህሩን «ዩ» ለማለት አይፈራም።

አራተኛው ትንሽ ረቀቅ ይላል። «መጽሐፉ» ስንል ሁለት ትርጉም አለው፦ ቀድሞ የታወቀው መጽሐፍ ወይም የእሱ መጽሐፍ። ስለዚህ «መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ነው» የሚለውን ልጅ «ሂዝ ቡክ ኢዝ ኦን ሂዝ ቴብል» ብሎ ሊተረጉመው ይችላል። በዚህ ምክንያት የተውላጠ ስም መልመጃዎችን በትርጉም አለመጀመር ይመከራል፤ በዕቃ፣ በሥዕልና በጣት ማመልከት ይጀምሩ።

አንደኛ ደረጃ፦ አድራጊውን መጥራት

ስምንት ተውላጠ ስሞችን በሠንጠረዥ ደርድሮ ማስሸምደድ የተለመደ ቢሆንም ውጤቱ ደካማ ነው፤ ልጁ ሠንጠረዡን እንደ መዝሙር ይዘምረዋል፣ ሲናገር ግን አይጠቀምበትም። በ«አይ» እና በ«ዩ» ይጀምሩ፤ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት የተቀመጡ ልጆች እየተጠቋቆሙ ስለራሳቸውና ስለ ጓደኛቸው አንድ አንድ ነገር ይናገሩ። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አንድ ወንድ ልጅ፣ አንዲት ሴት ልጅና አንድ ወንበር ከክፍሉ ፊት ያቁሙ። ወደ ሦስቱ በፍጥነትና በማይገመት ቅደም ተከተል እየጠቆሙ ክፍሉ በሙሉ «ሂ»፣ «ሺ»፣ «ኢት» እንዲል ያድርጉ። ወንበሩ ላይ ሲደርሱ ጥቂት ድምፆች «ሂ» ማለታቸው አይቀርም፤ ያን ጊዜ አያርሙ፣ ደግመው ይጠቁሙ። «ዊ» እና «ዜይ» ከዚህ በኋላ በቀላሉ ይገባሉ። ስልሳና ከዚያ በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል ይህ አሠራር ወረቀትም ቅጂም ስለማይጠይቅ ይመቻል።

ወደ ጽሑፍ ሲሸጋገሩ አንድ ነገር እንዳይዘነጋ፦ «አይ» የሚለው ተውላጠ ስም በዓረፍተ ነገር መሐልም ቢሆን ሁልጊዜ በትልቁ ፊደል ይጻፋል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር ስለሌለው፣ ይህ ልማድ ሆን ተብሎ ካልተገነባ በራሱ አይመጣም።

ከዚያ በኋላ አሰልቺ የሆነ አጭር ታሪክ ሰሌዳ ላይ ይጻፉ፤ አሰልቺነቱ ሆን ተብሎ ነው። «አልማዝ ሀዝ ኤ ጎት። አልማዝ ፊድስ ዘ ጎት። ዘ ጎት ላይክስ አልማዝ።» ጮክ ብለው ያንብቡትና ስሞቹ መደጋገማቸው ለጆሮ እንዴት እንደሚከብድ ልጆቹ ይናገሩ። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሳይነኩ፣ ከሁለተኛው ጀምሮ ስሞቹን በተውላጠ ስም እንዲተኩ ያድርጉ፦ «ሺ ፊድስ ኢት። ኢት ላይክስ ኸር።» በዚህች አጭር ልምምድ ልጁ ተውላጠ ስም የሚተካው ስም ቀድሞ መጠቀስ እንዳለበት ያያል፤ ደግሞም አልማዝ መጀመሪያ «ሺ» የነበረችው መጨረሻ ላይ «ኸር» መሆኗን ያስተውላል። ወደሚቀጥለው ደረጃ የሚያስገባው በር ይኸው ነው።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ድርጊቱ የሚያርፍበት

«ሚ፣ ሂም፣ ኸር፣ አስ፣ ዜም» ለአማርኛ ተናጋሪ ልጅ ብዙም አይከብዱም፤ «እኔን፣ እሱን፣ እሷን» ብሎ የለመደ ስለሆነ «ን» የምትገባበትን ቦታ ጠይቆ ማግኘት ይችላል። «ዩ» እና «ኢት» ቅርጻቸው እንደማይለወጥ ብቻ ይንገሩት። ትኩረት የሚያስፈልገው ቅደም ተከተል ላይ ነው። እኛ «እኔና ወንድሜ ሄድን» እንላለን፤ ራስን ማስቀደም ነውር አይደለም። በተስተካከለ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ግን ወንድም ይቀድማል፣ ተናጋሪው ይከተላል፦ «ማይ ብራዘር ኤንድ አይ»። ልጁ «ሚ ኤንድ ማይ ብራዘር» ብሎ ከጻፈ ወንድሙን በእጁ ሸፍኖ የቀረውን እንዲያነብ ይንገሩት፤ «ሚ ወንት» የሚለው ለጆሮው እንግዳ ይሆንበታል።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ባለንብረቱን በተውላጠ ስም መግለጽ

አማርኛ «የእኔ ደብተር» ሲልም፣ «ደብተሩ የእኔ ነው» ሲልም ያው «የእኔ» ነው። እንግሊዝኛ ግን ሁለቱን ይለያያል፤ ዕቃው ተከትሎ ከመጣ «ማይ»፣ ዕቃው ካልተከተለ «ማይን» ይላል። «ዚስ ቡክ ኢዝ ማይ» የሚለው ስሕተት ምንጩ ይህ ነው። ለልጆቹ የሚሰጠው መመሪያ አጭር ይሁን፦ ከኋላው ዕቃ ካለ «ማይ፣ ዩር፣ ኸር፣ አወር፣ ዜር»፤ ብቻውን ከቆመ «ማይን፣ ዩርስ፣ ኸርስ፣ አወርስ፣ ዜርስ»። «ሂዝ» ብቻ በሁለቱም ቦታ ሳይለወጥ ያገለግላል። «ኢትስ» በተግባር የሚመጣው ከዕቃው ፊት ስለሆነ በመጀመሪያው ረድፍ ያስቀምጡት።

«ሂዝ» እና «ኸር» የሚመረጡት በባለንብረቱ ፆታ ነው፤ በዚህ በኩል አማርኛ ይረዳል። «እህቱ» ስንል እህትዮዋ ሴት ብትሆንም «ኡ» የሚያመለክተው ወንዱን ነው፤ «ወንድሟ» ስንልም እንዲሁ ሴቷን ነው። ልጁ ግን «ሲስተር» የሚለውን ቃል አይቶ «ኸር» ለማለት ይቸኩላል። ቤተሰብ የሚያሳይ ሥዕል ሠርተው «የማን እህት?» ብለው በመጠየቅ መልሱን ከባለንብረቱ እንዲጀምር ያስለምዱት።

ለዚህ ደረጃ የሚሆን ጨዋታ በየክፍሉ አለ። ከተለያዩ ልጆች እስክሪብቶ፣ ላጲስ፣ ማስመሪያና ደብተር ሰብስበው ጠረጴዛ ላይ ይከምሩ። አንዱን አንሥተው «ሁዝ ፔን ኢዝ ዚስ?» ብለው ይጠይቁ። ባለንብረቱ «ማይን!» ይላል፣ ጓደኞቹም እየጠቆሙ «ሂዝ!» ወይም «ኸርስ!» ይላሉ። መልሱ በአንድ ቃል ብቻ እንዲሆን ይጠንቀቁ። «ኢት’ስ ማይን» የሚለውን ሙሉ መልስ አሁን ሰሌዳ ላይ ከጻፉት፣ ልጆቹ በዚህ ትምህርት የመጀመሪያውን አፖስትሮፍ የሚያዩት ባለንብረትን በማያሳይ ቃል ላይ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ያንን ማጽዳት ብዙ ይደክማል።

አራተኛ ደረጃ፦ አንድ ባለንብረትና አፖስትሮፍ

እዚህ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ይስጡ። መነሻው «የ» ነው። «የካሳ ቦርሳ» ስንል «የ» ከካሳ ፊት ተለጥፋለች፤ እንግሊዝኛም ያንኑ ሥራ የሚሠራ ምልክት አለው፣ ነገር ግን የሚለጠፈው ከካሳ ኋላ ነው። የቃላቱ ቅደም ተከተል አይለወጥም፤ መጀመሪያ ባለንብረቱ፣ ቀጥሎ ዕቃው። ሦስት ወረቀቶች ያዘጋጁ፤ አንዱ ላይ «ካሳ»፣ ሁለተኛው ላይ «ባግ»፣ ሦስተኛውና ትንሹ ላይ በቀይ አፖስትሮፍና «ኤስ» ይጻፉ። ሦስት ልጆች ይዘዋቸው ይቁሙ፤ «የ» የምትል ወረቀት የያዘ አራተኛ ልጅ ደግሞ ከካሳ ፊት ይቁም። በአማርኛ ሲነበብ ቀዩን የያዘው ልጅ ይቀመጣል፤ በእንግሊዝኛ ሲነበብ «የ» ተቀምጦ ቀዩ ከካሳ ኋላ ይነሣል። ሁለቱ አብረው እንደማይቆሙ ልጆቹ በዓይናቸው ሲያዩት አይረሱትም።

አጻጻፉ ሁልጊዜ በሦስት እርምጃ ይሁን። ባለንብረቱን ጨርሶ መጻፍ፤ ባለቀበት ቦታ ላይ አፖስትሮፍን ከመስመሩ በላይ ማስቀመጥ፤ ከዚያ «ኤስ» መጨመር። ጭረቷ ከታች ከተቀመጠች ኮማ ትሆናለች፣ ከ«ኤስ» በኋላ ከመጣች ደግሞ ሌላ ትርጉም ይኖራታል። በተለይ በአፋን ኦሮሞ ማንበብና መጻፍ የተማሩ ልጆች ባሉበት ክፍል አንድ ማብራሪያ ያስፈልጋል። በቁቤ ይህችው ጭረት ሁዳ ተብላ የራሷ ድምፅ አላት፤ ልጁ እንግሊዝኛውንም ሲያነብ እዚያ ቦታ ላይ ድምፁን ቆረጥ ሊያደርግ ይችላል። በእንግሊዝኛ ጭረቷ እንደማትነበብ በግልጽ ይንገሩት።

ድምፁን በተመለከተ «ኤስ» ሦስት መልክ አላት፤ ሦስቱንም በራሳችን ስሞች ማሳየት ይቻላል። የዳዊት ሲሆን «ዳዊትስ»፣ የካሳ ሲሆን «ካሳዝ»፣ የአልማዝ ሲሆን ደግሞ «አልማዚዝ» ይባላል። በ«ስ፣ ዝ፣ ሽ፣ ች፣ ጅ» የሚያልቅ ስም ሁሉ እንደ አልማዝ «ኢዝ»ን ይጨምራል። አጻጻፉ ግን ለሦስቱም አንድ ነው። የክፍሉን ስም መጥሪያ ይዘው ስሞቹን በሦስት ቡድን ማስመደብ ልጆች የሚወዱት ሥራ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ወጥመድ እንሂድ። የአማርኛ «የ» ከባለንብረትነት በላይ ብዙ ሥራ አላት፤ «የወርቅ ቀለበት»፣ «የእንግሊዝኛ መጽሐፍ»፣ «የሻይ ብርጭቆ» እንላለን። «የ»ን ባየ ቁጥር ቀዩን ወረቀት የሚያነሣ ልጅ እነዚህን ሁሉ በአፖስትሮፍ ይጽፋቸዋል። ወርቅ ግን የቀለበት ጌታ አይደለም፤ ሻይም ብርጭቆ አይገዛም። ስለዚህ ከመጻፉ በፊት «ይህ ዕቃ የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት። መልሱ ሰው ወይም እንስሳ ከሆነ አፖስትሮፍ ይገባል። እንደ «የጠረጴዛው እግር» ያለው በእንግሊዝኛ አብዛኛውን ጊዜ በ«ኦፍ» ይነገራል፤ በዚህ ዕድሜ ግን ይህን ልዩነት ማጥበቅ አያስፈልግም።

ሌላው ተቃራኒ ስሕተት ለብዙ ቁጥር በተጨመረ «ኤስ» ላይ አፖስትሮፍ ማድረግ ነው። «አይ ሀቭ ቱ ፔንስ» በሚለው ውስጥ እስክሪብቶዎቹ ሁለት ሆኑ እንጂ የምንም ጌታ አልሆኑም። ሁለቱን ዓይነት «ኤስ» ቀላቅለው ዐሥር ያህል ሐረጎች ያንብቡላቸው፤ «የማን?» ለሚለው መልስ ያለው ሐረግ ሲሰሙ ብቻ እጃቸውን ያንሡ። እርሳስ ከመያዝ በፊት ይህ ልምምድ በቃል ቢደረግ ብዙ እርማት ያድናል።

አምስተኛ ደረጃ፦ ባለንብረቶቹ ሲበዙ

ብዙ መምህራን ለብዙ ቁጥር አዲስ ሕግ ያስተምራሉ። አያስፈልግም፤ የቀደመው ይበቃል። ባለንብረቶቹን ጨርሶ መጻፍ፣ ያለቀበት ላይ ጭረቷን ማስቀመጥ፣ ከዚያ መጨረሻውን ማየት። ቃሉ በብዙ ቁጥር «ኤስ» ካለቀ እዚያው ይቆማል፤ ካላለቀ «ኤስ» ይጨመራል። የአንዲት ልጃገረድ ቦርሳ ሲሆን ባለንብረቷ «ገርል» ስለሆነች ጭረቷ ከ«ኤል» በኋላ ትውላለች፤ የልጃገረዶች ሲሆን ባለንብረቶቹ «ገርልስ» ስለሆኑ ከ«ኤስ» በኋላ ትውላለች። «ቺልድረን»፣ «መን» እና «ዊመን» ብዙ ቢሆኑም በ«ኤስ» ስለማያልቁ ጭረትም «ኤስ»ም ይወስዳሉ። በእነዚህ ላይ የሚደናቀፈው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን እርምጃ የዘለለ ነው።

ዮሐንስ፣ ቴዎድሮስ፣ ጴጥሮስና ማርቆስ በእያንዳንዱ ክፍል አሉና፣ ነጠላ ሆኖ በ«ኤስ» የሚያልቅ ስም ጥያቄ ማስነሣቱ አይቀርም። በእንግሊዝኛ ሁለት ልማድ አለ፤ አንዳንዶች ጭረቷን ብቻ ያስቀምጣሉ፣ ሌሎች ጭረትና «ኤስ» ይጨምራሉ። ሁለተኛው ከአነባበቡ ጋር ስለሚስማማና ሕጉን ስለማያፈርስ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆች የተሻለ ነው። በነገራችን ላይ ባለቋንቋዎቹም ቢሆኑ በዚህ ጉዳይ ወጥ አይደሉም፤ በለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ተከታትለው የሚገኙት ሁለት ጣቢያዎች፣ ኧርልስ ኮርት በአፖስትሮፍ፣ ባሮንስ ኮርት ደግሞ ያለ አፖስትሮፍ ይጻፋሉ። የአንድ ዕቃ ባለንብረቶች ሁለት ሆነው በስም ሲጠሩ፣ እኛ «የአልማዝና የካሳ ቤት» ብለን «የ»ን እንደግማለን፤ እንግሊዝኛ ግን ምልክቱን በመጨረሻው ስም ላይ ብቻ ያደርጋል።

ስድስተኛ ደረጃ፦ «ኢትስ» እና «ኢት’ስ»

ሁለተኛው የአፖስትሮፍ ሥራ ቃላት ሲያጥሩ የጎደለውን ፊደል ማመልከት ነው፤ «ኢት ኢዝ» ሲያጥር «ኢት’ስ» ይሆናል። ይህን ከአራተኛው ደረጃ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አርቀው ይስጡት። በታሪክ ከተመለከትነው ሁለቱ ሥራዎች ዝምድና አላቸው፤ የጥንቱ እንግሊዝኛ ባለንብረትን በ«ኢ» እና በ«ኤስ» ያሳይ ነበርና፣ የባለንብረትነቱም ጭረት የወደቀችውን «ኢ» ታስታውሳለች። ይህን መምህሩ ቢያውቀው መልካም ነው፤ ለሦስተኛ ክፍል ልጅ ግን መንገር ማደናገር ይሆናል።

መፈተኛው አንድ ነው፦ ቃሉን ዘርግቶ ማንበብ። «ኢት ኢዝ» ብሎ ሲያነበው ትርጉም ከሰጠ ጭረት አለው፤ ካልሰጠ የለውም። «ዘ ዶግ ሎስት ኢትስ ቦል» የሚለውን «ኢት ኢዝ ቦል» ብሎ ያነበበ ልጅ ራሱ ይስቃል። «ዩር» ከ«ዩ አር»፣ «ዜር» ከ«ዜይ አር»፣ «ሁዝ» ከ«ሁ ኢዝ» የሚለዩትም በዚሁ ፈተና ነው። ከሦስተኛው ደረጃ ጀምሮ «ሂዝ» እና «ኸርስ» ያለ ጭረት ሲጻፉ የኖሩ ከሆነ፣ «ኢትስ»ም የእነሱ ወንድም ስለሆነ ጭረት እንደማይወስድ ለማሳመን ጥቂት ቃል ይበቃል። «ሰምባዲ» እና «ኤቭሪዋን» የመሳሰሉት አፖስትሮፍ የሚወስዱ መሆናቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ወደ ላይኛው ክፍል ይተላለፉ።

በውጭ ሀገር ለሚያድጉ ልጆች

በአሜሪካ ወይም በእንግሊዝ የሚማር ልጅ ተውላጠ ስሞቹን ከጆሮው ይዟቸዋል፤ የሚቸግረው ጽሑፉ ነው። በእንግሊዝ ሀገር እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በሚሠራበት ሥርዓተ ትምህርት የነጠላ ባለንብረት አፖስትሮፍ በሁለተኛው ዓመት፣ ማለትም በስድስትና በሰባት ዓመት ዕድሜ፣ የብዙ ቁጥሩ ደግሞ በአራተኛው ዓመት ይሰጣል። ስለዚህ ወላጆች ከአራተኛው ደረጃ መጀመር ይችላሉ። ቤት ውስጥ የቤተሰቡን ስም በየዕቃው ላይ በወረቀት መለጠፍ፣ የእማማንና የአባባን ኩባያ፣ የወንድምን ጫማ፣ የሁሉንም ልጆች መጫወቻ ሣጥን ጽፎ መለጠፍ፣ ከመልመጃ ደብተር የበለጠ ይሠራል።

እርማትና ምዘና

በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ስሕተት ብቻ ያርሙ። የአፖስትሮፍ ሳምንት ከሆነ የጎደለውን ጭረት እርስዎ አይጨምሩ፤ በመስመሩ ኅዳግ ላይ ነጥብ ያድርጉና ልጁ «ባለንብረት አለ? ማን ነው? ስሙ የት አለቀ?» ብሎ ራሱን ጠይቆ እንዲያገኘው ይተዉት። ምርጫ ያለው ፈተና በዚህ ርእስ ላይ ብዙም አይታመንም፤ ከአራት አማራጭ የሚመርጥ ልጅ በግምት ያገኘዋል። ስድስት ሐረጎችን በቃል ማስጻፍ ይሻላል፤ አንድ ነጠላ ባለንብረት፣ አንድ በ«ኤስ» የሚያልቅ ብዙ ቁጥር፣ አንድ «ቺልድረን»ን የመሰለ፣ አንድ ጭረት የሌለበት ተራ ብዙ ቁጥር፣ አንድ «ኢትስ»፣ አንድ «ኢት’ስ»። ነጠላና ብዙ ቁጥር ያላቸው ባለንብረቶች በድምፅ ስለማይለዩ ሐረጎቹን ለየብቻ አያንብቡ፤ «ሁለት ልጃገረዶች አንድ ክፍል አላቸው» የሚል አንድ መነሻ ዓረፍተ ነገር ከእያንዳንዱ በፊት ያስቀድሙ። በተራው ብዙ ቁጥር ላይ ጭረት ያደረጉት ልጆች ወደ አራተኛው ደረጃ የእጅ ማንሣት ልምምድ ይመለሱ፤ «ኢትስ» ላይ የሳቱት ደግሞ ወደ ሦስተኛው ደረጃ የዕቃ ጨዋታ።